ያልታመመችውን ፈልጉ

አእዋፍ በሚረቡበት ግቢ ሞት ሲገባ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። መጀመሪያ የሞተችው የትኛዋ ናት? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ዶሮ፣ ዳክዬ፣ ዝይና ተርኪ ተቀላቅለው በሚውሉበት ቦታ ከዚህ የሚሻል ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ያልሞተችው የትኛዋ ናት? ምንም ሳትሆን እየበላች፣ እየጠጣች፣ ጅራቷን እያወዛወዘች የምትዞረው የትኛዋ ናት?

ይህን የምለው ዶሮም ዳክዬም ስለማረባ ነው። በአንድ ወቅት ጥቂት ተርኪዎችም ነበሩኝ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን እነዚህን ፍጥረታት ቁጭ ብሎ ማየት ደስ ይለኛል። ስለ በሽታቸው ማንበብም እወዳለሁ (አዎ፣ ለእረፍት ቀን የማይመከር ንባብ ነው)። ሳነብ ሳነብ አንድ ነገር እየደጋገመ ይገጥመኝ ጀመር። ከአንዱ የወፍ ዓይነት ወደ ሌላው የሚሻገር ቫይረስ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የጤነኛዋ ወፍ ታሪክ ነው። የሞተችው መርዶውን ታሰማለች እንጂ በሽታውን ይዛ የቆየችው ሌላ ናት።

ነገሩ ከውሃ መጠጫው ይጀምራል። ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ትንሽ ትጎነጭና አንገቷን ቀና አድርጋ ታወርደዋለች። ጨዋ ጠጪ ናት። ዳክዬ እንደዚያ አይደለችም። ጭንቅላቷን እስከ ዓይኗ ትነክራለች። አፍንጫዋን ታጥባለች፣ ውሃው ውስጥ ትተነፍሳለች፣ አፏ ውስጥ የተረፈውን መኖ እዚያው ታራግፋለች። ከቻለች ወጥታ ትቀመጥበታለች፣ ኩሷንም እዚያው ትጥላለች። ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ትንሽ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ የምታገኙት ጭቃ ነው። ከዚያ ዶሮዋ ትመጣና አንገቷን ቀና እያደረገች ያንኑ ትጠጣለች።

ለኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ሰው ኢንፍሉዌንዛን የሚያውቀው በአፍንጫና በሳንባ ነው። በዱር የውሃ ወፎች ላይ ግን የቫይረሱ ዋና መኖሪያ አንጀት ነው። የሚወጣው በኩስ፣ የሚጠብቀው በውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። ዳክዬዋ ብዙ ጊዜ ምንም አትሆንም። አትስልም፣ አታነጥስም፣ መኖ አትተውም። ቫይረሱና ዳክዬዋ ለረጅም ዘመን አብረው ኖረው ተላምደዋል። ዶሮ ግን ከዚህ ስምምነት ውስጥ የለችበትም።

በዶሮ ላይ የሚደርሰው መዓት ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ጣሊያናዊው ኤድዋርዶ ፔሮንቺቶ በ1878 ጽፎበታል (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ የዶሮ ወረርሽኝ ይባል ነበር። በሽታው ከሰው ኢንፍሉዌንዛ ጋር ዘመድ መሆኑ የተረጋገጠው ግን በ1955 ነው። ያ ሁሉ ዓመት ሲታይ የነበረው የሚሞተው ዶሮ ነው። ኩሬው ላይ የምትንሳፈፈዋን ማን ልብ ይላል?

ዛሬ በርድ ፍሉ (የወፍ ኢንፍሉዌንዛ) ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ኤች5ኤን1 የተባለው የቫይረስ ዓይነት የዘር ሐረግ በ1996 በቻይናዋ ጓንግዶንግ ግዛት ከአንዲት ዝይ የተገኘ ነው። በዓመቱ በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ 18 ሰዎች ተያዙ፣ 6ቱ ሞቱ። ግንቦት ላይ መጀመሪያ የሞተው የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ከተማዋ ዶሮዎቿን በሙሉ አስወገደች። ቁጥራቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበር።

እኔን የሚገርመኝ ከቁጥሩ ይልቅ የገበያው አደረጃጀት ነው። በሕይወት የሚሸጡ አእዋፍ በሽቦ ሳጥን ሳጥን ተደርገው አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ከላይ ዳክዬ፣ ከሥር ዶሮ፣ ከጎን ድርጭት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ እርግብ። የላይኛው ሳጥን ኩስ በሽቦው እያለፈ በታችኛው መመገቢያ ላይ ይወርዳል። ያልተሸጠው ለነገ ያድራል፤ ከነገው አዲስ መጪ ጋር ይቀላቀላል። ተፈጥሮ እነዚህን ወፎች እንዲህ አድርጋ በአንድ ጣሪያ ሥር አታሳድራቸውም። ይህን የፈጠርነው እኛ ነን።

የኢንፍሉዌንዛ ዘረመል ስምንት የተለያዩ ቁርጥራጮች አሉት። ሁለት ዓይነት ቫይረሶች በአንዲት ወፍ አንድ ሴል ውስጥ ከተገናኙ ቁርጥራጮቹን ሊቀያየሩ ይችላሉ። የሆንግ ኮንጉ ቫይረስ ሲመረመር የኤች5 ቁራጩ ከዚያች ከጓንግዶንጓ ዝይ ጋር ገጠመ። የውስጥ ዘረመሎቹ ደግሞ ከድርጭት ከተገኘ ኤች9ኤን2 ከሚባል ሌላ ቫይረስ ጋር በጣም ይመሳሰሉ ነበር። ድርጭት! ያቺ የእፍኝ የምታህል ወፍ። ኋላ እንደታየው የድርጭት የመተንፈሻ አካል የወፍ ቫይረስም የሰው ቫይረስም የሚጣበቅበት ነገር አለው። ስለዚህ ለሁለቱም መገናኛ መሆን ትችላለች። እሷም በኤች9ኤን2 ብዙም አትታመምም።

ከተማዋ በኋላ ያደረገችው ነገር ትክክለኛውን ጥያቄ እንደጠየቀች ያሳያል። ዶሮ ወደ ገበያ ሲመለስ ዳክዬና ዝይ ከዶሮ ተለዩ። ለብቻቸው በሌላ ቦታ ታርደው እንዲሸጡ ተደረገ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ድርጭትም ከገበያው ወጣች። ገበያው በወር የተወሰነ ቀን ባዶ ሆኖ የሚጸዳበት ሥርዓትም መጣ። ሁሉም ነገር የተሠራው በሚሞተው ዶሮ ዙሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ እርምጃዎች አይታሰቡም ነበር።

ቫይረሱ ዶሮ ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ትንሽ ባዮሎጂ ታገሡኝ። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ለመግባት በላዩ ላይ ያለው ኤች የሚባለው ፕሮቲን በአንድ ቦታ መቆረጥ አለበት። በለዘብተኛው ቫይረስ ይህን መቁረጥ የሚችለው ኤንዛይም የሚገኘው በመተንፈሻና በአንጀት አካባቢ ነው። ስለዚህ በሽታው እዚያው ተወስኖ ይቀራል። የኤች5 እና የኤች7 ዓይነቶች ግን ዶሮና ተርኪ ውስጥ ሲዞሩ ያ መቆረጫ ቦታ ሊለወጥ ይችላል። ያኔ በየትኛውም የሰውነት ሴል ውስጥ ያለ ኤንዛይም ይቆርጠዋል። ለቤቱ በር ሁሉ የሚሠራ አንድ ቁልፍ እንደማግኘት ነው። ልብ፣ ጉበት፣ አንጎል፣ ሁሉም ክፍት ይሆናል። ጠዋት ስትጭር የነበረች ዶሮ ማታ ሞታ ትገኛለች።

ፔንስልቬንያ ውስጥ በ1983 የሆነው ይህ ነው። ሚያዝያ ላይ ኤች5ኤን2 የተባለ ለዘብተኛ ቫይረስ በዶሮዎች ላይ ታየ። ትንሽ ሳል፣ ትንሽ የእንቁላል መቀነስ፣ በቃ። ጥቅምት ላይ ያው ቫይረስ ገዳይ ሆኖ ብቅ አለ። እስኪቆም ድረስ 17 ሚሊዮን ያህል አእዋፍ አለቁ ወይም ተወገዱ። በጣሊያንም በ1999 ተመሳሳይ ነገር ሆነ። መጋቢት ላይ ተርኪዎች ውስጥ ለዘብ ብሎ የገባ ኤች7ኤን1 ታኅሣሥ ላይ ገዳይ ሆነና 13 ሚሊዮን አእዋፍ ጠፉ። ስለዚህ «ቀላል ነው፣ ያልፋል» የሚል ሰው ስሰማ አልወድም።

የዳክዬ ነገር ደግሞ ሌላ ምዕራፍ አለው። በ2004 ታይላንድ በኤች5ኤን1 ስትታመስ ካርታው ላይ ጎልቶ የወጣው የዶሮ ብዛት አልነበረም። ሩዝ ከታጨደ በኋላ በየማሳው እየተነዱ የተራገፈ ፍሬና ቀንድ አውጣ የሚለቅሙ ዳክዬዎች ነበሩ። መንጋው አንዱ ማሳ ላይ ሲጨርስ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ሌላው ይሄዳል። ብዙዎቹ ቫይረሱን ይዘው ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ጥሩ ሥርዓት ነው እኮ፤ ማሳው ይጸዳል፣ ዳክዬው ይወፍራል፣ መኖ አይገዛም። እንዲያም ሆኖ ቫይረሱ በነጻ ይጓዛል።

ወደ ሌላው የቫይረስ በሽታ፣ ወደ ፈንግል ልለፍ። ፈንግልን የማያውቅ ዶሮ አርቢ ያለ አይመስለኝም። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተንጠለጠለ ክንፍ፣ ወደ ኋላ የተጠመዘዘ አንገት። በ1926 በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል አፖን ታይን ከተማ አጠገብ በአንድ ዓመት ተለየ። «የኒውካስል በሽታ» የሚለው የፈረንጅ ስሙም ከዚያች ከተማ የመጣ ነው። በዶሮ ላይ ጨካኝ ነው። ዳክዬና ዝይ ግን በአብዛኛው ይዘውት ይኖራሉ እንጂ አይታመሙበትም። (ይህም ቋሚ ሕግ አይደለም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቻይና ውስጥ ዝይዎችን የሚገድል የፈንግል ዓይነት ታይቷል። «ዝይ አይነካውም» ብሎ መደምደም ድሮ ቀረ።)

ከፈንግል ታሪኮች ሁሉ እኔ የማልረሳው የእርግቦቹን ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመካከለኛው ምሥራቅ እርግቦችን የሚያጠቃ የፈንግል ዓይነት ተነሣ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አውሮፓ ደረሰ። በውድድርና በጌጥ እርግቦች በኩል ተዛመተ፤ ከእነሱም ወደ ከተማ እርግቦች ገባ። በ1984 በብሪታንያ ከ20 በላይ የዶሮ እርባታዎች ክትባት ያልወሰዱ ዶሮዎቻቸው በፈንግል ተያዙ። እርባታዎቹ የተራራቁ ናቸው። ሰው አይገናኙም፣ ዶሮ አይሸጣሸጡም። ታዲያ በምን ተገናኙ?

በመኖ። አብዛኛዎቹ የተጠቀሙት መኖ የተሠራው በሊቨርፑል ወደብ መጋዘኖች ከተከማቸ እህል ነበር። በመጋዘኖቹ ጣሪያ ውስጥ እርግቦች ይኖራሉ። እህሉ ላይ ይበላሉ፣ እህሉ ላይ ይኮሳሉ፣ አንዳንዴም እዚያው ይሞታሉ። እህሉ ከዚያ ወጥቶ ይፈጫል፣ በከረጢት ይታሸጋል፣ በየእርባታው ይራገፋል። የእርባታው ባለቤት በሩን ቆልፎ፣ ጫማውን አጥቦ፣ እንግዳ አላስገባም ብሎ ሊሆን ይችላል። እርግቧን ግን በከረጢት ገዝቶ አስገባት።

ሌላም ነገር አለ። ያ የእርግብ ፈንግል ከእርግብ እንደወጣ ዶሮ ላይ ያን ያህል ኃይለኛ ላይሆን ይችላል። ከዶሮ ወደ ዶሮ ሲተላለፍ ግን ጉልበቱ ይጨምራል። አዲሱን ቤቱን ይለማመደዋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ጣሪያዬ ላይ እርግብ ሲያርፍ ሰላም የማላገኘው። መኖዬን በክዳን ነው የማስቀምጠው፤ የፈሰሰውን ፍሬም ዶሮ ይልቀመው ብዬ አልተወውም፤ እጠርገዋለሁ።

እስካሁን ስለሚገድሉ ቫይረሶች አወራሁ። ማንንም ስለማይገድል ቫይረስ ደግሞ ልንገራችሁ። የማይረሳ ነገር አይቼበታለሁ።

አንድ የማውቃቸው አዛውንት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያረባሉ። ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ ናቸው። አንድ ቀን ደውለው «እስቲ ና እይልኝ፤ እነዚህ ልጆች ምን ነካቸው?» አሉኝ። ሄድኩ። ዶሮዎቹ ጤነኛ ናቸው። ይበላሉ፣ ይጮኻሉ፣ ራሳቸው ላይ ያለው ሥጋ ደም መስሏል። እንቁላሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ቡናማ መሆን የነበረበት ነጣ ብሏል፤ ጸሐይ የበላው ጨርቅ ይመስላል። አንዳንዱ ቅርፊቱ ከመሳሳቱ የተነሣ ጣት ሲያርፍበት ይሰረጉዳል። ጉዝጓዙ ላይ ደግሞ ከናካቴው ቅርፊት የሌላቸው ነበሩ። በስስ ሽፋን ብቻ የተያዙ። አንዱን አነሣሁት። ለብ ያለ ነው፤ መዳፌ ላይ ተንጣለለ። አስኳሉ ከውስጥ ይታየኛል። እንዲህ ያለውን ዶሮዎቹ ራሳቸው ስለሚበሉት የሚቆጠረው እንቁላል ከእውነተኛው ያነሰ ይሆናል።

ካልሲየም ነው አልን። መኖ ተቀየረ፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ተጨመረ። ለውጥ የለም። ቆይቶ አንዲት የእንስሳት ሐኪም መጡ። ዶሮዎቹን አየት አድርገው «እነዚህን ተዉአቸው፤ ውሃውን ከየት ነው የሚቀዱት?» ሲሉ ጠየቋቸው። ውሃው የሚመጣው ከአንድ ኩሬ ነበር። ኩሬው ላይ ዳክዬና ዝይ ይዋኛሉ። ሐኪሟ ከዶሮዎቹ ደም ወሰዱ፣ ከዳክዬዎቹም ወሰዱ። ሽማግሌው «ዳክዬዎቹማ ጤነኞች ናቸው፣ ዶክተር» አሏቸው። «እሱ ነው ያሳሰበኝ» አሉ እሳቸው።

የደም ምርመራው ውጤት የእንቁላል መውረድ በሽታ መሆኑን አሳየ። በ1976 ኔዘርላንድስ ውስጥ መጀመሪያ የተገለጸ የአዴኖ ቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረሱ በተፈጥሮው የዳክዬና የዝይ ነው። እነሱ ላይ ምንም አያደርግም። ዶሮ ውስጥ ሲገባ ግን የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራውን የማኅፀን ክፍል ያጠቃል። ዶሮዋን አያሳምማትም። ሥራዋን ብቻ ያበላሽባታል። ከዚህም በላይ ከእናት በእንቁላል በኩል ወደ ጫጩት ሊያልፍ ይችላል። ጫጩቷ አድጋ መጣል እስክትጀምር ድረስ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ልክ እንቁላሉ የሚበዛበት ወቅት ሲደርስ ይነሣል። አርቢውን ሊጎዳ አስቦ የተሠራ ነው የሚመስለው።

የዳክዬ ቫይረስ መጀመሪያ ዶሮ ውስጥ እንዴት ገባ? የሚታመነው መልስ ይህ ነው፤ በክትባት። በዚያ ዘመን ዶሮን ሽባ የሚያደርገው የማሬክ በሽታ ክትባት ከዳክዬ ፅንስ በተወሰዱ ሴሎች ላይ ይመረት ነበር። ከዳክዬዎቹ አንዳንዶቹ ቫይረሱን ሳይታወቅ ይዘውት ነበር። ስለዚህ ዶሮን ከአንድ በሽታ ለማዳን የተዘጋጀው መርፌ ሌላውን ይዞ ገባ። ዳክዬዋ ዶሮዋን አይታት አታውቅም። መካከል ላይ ያለው ሰው ነው። ዛሬ ክትባት የሚመረተው ከተወሰኑ ተሕዋስያን ነጻ መሆናቸው ከተረጋገጠ መንጋዎች በመጣ እንቁላል ነው። ለዚህ ጥንቃቄ አንዱ ምክንያት እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ ነው።

ሽማግሌው የውሃውን መንገድ ቀየሩ፣ የሚቀጥለውን ቄብ ደግሞ መጣል ከመጀመሯ በፊት አስከተቡ። ኩሬውና ዳክዬዎቹ አሁንም አሉ፣ ዶሮዎቹ ግን ከዚያ አይጠጡም።

አሁን ወደ ተርኪ። ተርኪ ምስኪን ናት። ከሁሉም ትቀበላለች። ከዳክዬ ኢንፍሉዌንዛ ትቀበላለች፤ ለብዙዎቹ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነቶች እሷን ለመያዝ የሚያስፈልገው የቫይረስ መጠን ለዶሮ ከሚያስፈልገው ያነሰ ነው። ከአሳማ ትቀበላለች። ከሰውም ትቀበላለች። በ2009 ዓለም በኤች1ኤን1 ወረርሽኝ ስትታመስ ነሐሴ ላይ ቺሊ ውስጥ የተርኪ እርባታዎች እንቁላል ቀነሰባቸው። ሲመረመር የሰዎቹ ቫይረስ ነው። እንዴት? ለሥጋ ተብላ የተመረጠች ተርኪ ደረቷ በጣም ስለሚሰፋ በተፈጥሮ መገናኘት አትችልም። ሠራተኞች አንድ በአንድ እየያዙ ሰው ሠራሽ ማዳቀል ይሠሩላቸዋል። ጉንፋን የያዘው ሠራተኛ፣ በየጊዜው፣ በእጁ፣ ያውም ከመራቢያ አካሏ ጋር። ቫይረሱ በዚህ መንገድ ተርኪን መያዝ እንደሚችል በሙከራም ታይቷል። እዚህ ላይ ቫይረሱን የምታሻግረው ዳክዬ እኛው ሆንን።

የተርኪ አፍንጫና ፊት የሚያሳብጠው ሜታኒሞ ቫይረስም አለ። በ1978 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተርኪዎች ላይ ተለየ። ኋላ ዶሮዎችም ጭንቅላታቸው ሲያብጥ ታየ። እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

የቆዩ አርቢዎች «ተርኪንና ዶሮን አብረህ አታርባ» ይላሉ። የሚገርመው ይህ ምክር የመጣው ከቫይረስ አይደለም። ጉበትን የሚያቆስል አንድ ሕዋስ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ አለ፤ በዶሮ የአንጀት ትል እንቁላል ውስጥ ተደብቆ አፈር ላይ ለዓመታት ይቆያል። ዶሮ ብዙም አትጎዳበትም፤ ተርኪ በብዛት ትሞትበታለች። ያው ታሪክ ነው። ምክንያቱ ሌላ፣ ምክሩ ግን ለቫይረሱም ይሠራል።

ይህን ሁሉ ሳወራ ዝርያ መሻገር ሁሉ ክፉ እንዳይመስል። የዶሮ እርባታ ዛሬ ባለበት ደረጃ የቆመው በአንድ የተርኪ ቫይረስ ትከሻ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሃንጋሪያዊው ዮዤፍ ማሬክ በ1907 የገለጸው በሽታ ዶሮን ሽባ ያደርጋል። አንዱ እግር ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ትወድቃለች። በኋላ ያው በሽታ ውስጧን በዕጢ ይሞላል። ሄርፒስ ከሚባሉት ቫይረሶች አንዱ ነው፤ ከላባ ሥር በሚረግፈው ብናኝ ይተላለፋል። በ1960ዎቹ እርባታዎችን አስጨንቆ ነበር። በ1970 አካባቢ ተመራማሪዎች ተርኪዎች ውስጥ ዘመዱ የሆነ ሄርፒስ ቫይረስ አገኙ። ተርኪን አያሳምምም፣ ዶሮንም አያሳምምም። ዶሮ ላይ ሲሰጥ ግን ከማሬክ ይጠብቃታል። እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጫጩት ከቅርፊቷ ሳትወጣ በ18ኛው ቀን በመርፌ የምትቀበለው ይህንኑ የተርኪ ቫይረስ ነው። አሁን ደግሞ የፈንግል ወይም ጉምቦሮ የሚባለው ሌላ የዶሮ በሽታ ቫይረስ ዘረመል ቁራጭ እየተጨመረበት በአንድ መርፌ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ብቻውን አይደለም። የእርግብ ፈንጣጣ ቫይረስ ዶሮን ከዶሮ ፈንጣጣ ለመከተብ ያገለግላል። ፌዛንት ከሚባለው ወፍ የተገኘ ቫይረስ ደግሞ ተርኪን ደም ከሚያስቀምጣት በሽታ ይከላከላል፤ ፌዛንቱን ራሱን ግን ይገድላል። ለአንዱ መርዝ የሆነው ለሌላው መድኃኒት ነው፤ የተሰጠኝ ተልእኮ መተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር።

ደግሞም ሁሉ ነገር ወደ ሁሉም አይሻገርም። ይህን የምለው ከሚገባው በላይ የሚደነግጡ ሰዎችን ስለማውቅ ነው። የዳክዬ ወረርሽኝ የሚባለው ሄርፒስ ዳክዬ፣ ዝይና ስዋን ይፈጃል፤ ዶሮ ግን አጠገቡ ሆና አይነካትም። ጉምቦሮ ዶሮን ያደክማል፤ ዳክዬ ላይ የሚታይ በሽታ አያመጣም። ስለዚህ «አንዱ ታመመ፣ ሁሉም ይታረድ» ከማለት በፊት የትኛው ቫይረስ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ላቦራቶሪ ማለት ለዚህ ነው።

እኔ ምን አደርጋለሁ? የተለየ ነገር የለም። የዳክዬና የዶሮ ውሃ ከቶ አይገናኝም። ሥራ ስጀምር ከጫጩት ጀምሬ ወደ ትልልቆቹ ዶሮዎች እሄዳለሁ፤ ዳክዬዎቹ ዘንድ የምደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ለዳክዬዎቹ ሌላ ቦቲ አለ፤ ከበራቸው አይወጣም። አዲስ ወፍ ሲገባ ጤነኛ መስሎ ቢታይም ለሳምንታት ለብቻው ይቆያል። የፈንግል ክትባት አላሳልፍም። ከእነዚህ ሁሉ ለሰው አስቸጋሪ የሚሆነው ቦቲው ነው። «ለአንድ ደቂቃ ብቻ ገብቼ ልውጣ» የሚል እንግዳ ብዙ ነው።

ክትባት ስል፣ በቅርቡ የተነሣው ክርክር ለዚህ ሐሳብ ጥሩ ፈተና ነው። ፈረንሳይ በ2021 እና 2022 መካከል በነበረው ወቅት ከ1,300 በላይ እርባታዎቿ በበርድ ፍሉ ተያዙ። በጥቅምት 2023 ዳክዬዎቿን መከተብ ጀመረች። ዶሮዎቿን ሳይሆን ዳክዬዎቿን። ክትባቱ በተጀመረበት ወቅት የተያዙት እርባታዎች 10 ብቻ ነበሩ። በእርግጥ በዚያ ዓመት የዱር ወፎቹም ይዘውት የመጡት ቫይረስ አነስተኛ ነበር፤ ቢሆንም ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ወዲያው ግን አሜሪካ ከፈረንሳይ በሚገባ የአእዋፍ ምርት ላይ ገደብ ጣለች። ስጋቱ ምንድን ነው? የተከተበች ዳክዬ ሳትታመም ቫይረሱን ልታፈስ ትችላለች የሚል ነው።

ስጋቱ መሠረት የለውም አልልም። ግን ዳክዬ ሳትከተብም ያንኑ ስታደርግ ኖራለች እኮ! የተከተበች ዳክዬ የምታፈሰው ቫይረስ ካልተከተበችው ያነሰ ነው። ደግሞ ፈረንሳዮቹ ክትባት ሰጥተው ዝም አላሉም፤ በተከተቡት መንጋዎች ውስጥ በየጊዜው ናሙና ይወስዳሉ፣ የሞተም ሲገኝ ይመረምራሉ። ጤነኛ የምትመስለውን ወፍ አፍ ውስጥ ጥጥ እየከተቱ መፈለግ ማለት ነው። እኔ ብጠየቅ ከሁለቱ የምመርጠው ይህንን ነው። የሞተ ወፍ እስኪታይ መጠበቅ ርካሽ የሚመስለው በሽታው እስኪገባ ድረስ ነው።

ሰዎች «ታዲያ ዳክዬዎቼን ልሽጣቸው?» ብለው ይጠይቁኛል። እንጀራችሁ በእንቁላል ወይም በተርኪ ላይ ከሆነ፣ አዎ፣ አንድ ዓይነት ብቻ አርቡ። ለራሳችሁ ደስታና ለጓሯችሁ ከሆነ ግን ውሃውንና ጫማውን ለዩና አኑሯቸው። እኔ የተውኩት ተርኪ ማርባቱን ነው። ዳክዬዎቹ አብረውኝ ስላሉ፣ ከሁሉም የምትቀበለዋን ወፍ አጠገባቸው ማሳደሩ አልታየኝም።